ትሉ ብረቱን ያጠፋዋል ወይስ ይሸከመዋል? ከኮምቦልቻ ስለ ፋብሪካ ዝቃጭ የተነሣ ክርክር

በመድረካችን የተከፈተውን የዚህን የጽሑፍ ውይይት ክር መነሻ የጻፈው ኮምቦልቻ የሚኖር ወጣት ነው። በግቢው ውስጥ በእንጨት ሣጥን ቀይ ትል ያረባል፤ እበት፣ የቡና አተላና የአትክልት ልጣጭ እየመገበ የሚያገኘውን ኮምፖስት ለጓሮ አትክልት አልሚዎች ይሸጣል። ያቀረበው ሐሳብ ደፋር ነበር። የምድር ትል እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ከኢንዱስትሪ ቆሻሻ ውስጥ ለቅሞ ወደ ሰውነቱ እንደሚያስገባ ማንበቡን ገለጸ፤ ከዚያም የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ፣ ማለትም ፍሳሹ ሲጣራ የሚቀረው ጭቃ፣ ተከምሮ ዝናብ እየጠረገው በለዮሌ ወንዝ በኩል ወደ ቦርከና ከሚገባ ለምን ለትል አይሰጥም ሲል ጠየቀ። በእሱ ስሌት ትሉ መርዙን ያጸዳል፣ ዝቃጩ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ማዳበሪያው በጨፋ ሜዳ ሽንኩርት ለሚያለሙ ገበሬዎች ይሸጣል፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችም ይደራጁበታል።

እኔ የመድረኩ አወያይ ነኝ። ክሩ እየረዘመ በመሄዱና ዘግይተው የገቡ አባላት መነሻው እየጠፋባቸው ያለቀ ነገር ደጋግመው በመጠየቃቸው፣ መልሶቹን እንዳሉ ከመገልበጥ ይልቅ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እተርካቸዋለሁ። ሰላምታና ምርቃት ብቻ የያዙትን አልፋለሁ፤ 1ኛው መልስ ከእነዚህ ወገን ነው።

ቁም ነገሩ የጀመረው በ2ኛው ነው። ጸሐፊው በቃሉ ወረዳ ብዙ ዘመን የሠሩ የግብርና ባለሙያ ሲሆኑ፣ ወጣቱን ካመሰገኑ በኋላ የትሉን ጠባይ አስረዱ። በክረምት ዝናብ ከማሳ ውስጥ የሚወጣው ግራጫ ትልና ለኮምፖስት የሚረባው ቀይ ትል አንድ አይደሉም፤ ያኛው አፈሩን ሰርስሮ ጠልቆ ይኖራል፣ ይኼኛው ግን ከላይ ባለው የበሰበሰ ቅጠልና እበት ውስጥ ይውላል። ለቀይ ትል የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ነው፤ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ማለቅ ይጀምራል። ስለዚህ ደሴ ላይ ያለ ችግር የሚራባው ትል ኮምቦልቻ ላይ፣ ይልቁንም ከሚሴ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር ከተቀመጠ የግንቦትን ሙቀት ላይዘልቀው ይችላል። እርጥበቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲጨምቁት በጣት መካከል ጥቂት ጠብታ ብቻ ከታየ በቂ ነው። ባለሙያው አጥብቀው ያስጠነቀቁት ግን ስለ ጨው ነበር። ትል የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ስለሆነ፣ ጨው ከበዛበት የሰውነቱን ውኃ አጥቶ ይሞታል።

የጨው ነገር ሲነሣ ዕድሜያቸውን በቆዳ ማልፋት ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ በ3ኛው መልስ ገቡ። የት እንደሠሩ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ጥሬ ቆዳ እንዳይበላሽ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል፤ ሲዘፈዘፍ ያ ሁሉ ጨው ከውኃው ጋር ይወጣል። ቀጥሎ ጠጉሩ እንዲነቀል በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይነከራል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመጨረሻ በክሮሚየም ሰልፌት ሲለፋ ሰማያዊ መልክ ይይዛል፤ በሙያው ዌት ብሉ የሚባለው ይኸው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የቀረበለትን ክሮሚየም ሁሉ አይጠጣም፤ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል፣ ፍሳሹ ሲጣራም ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ወጣቱ ለትሎቹ ሊያቀርብ ያሰበው ጨው፣ ሰልፋይድ፣ ኖራና ክሮሚየም አብረው የተቦኩበት ነገር ነው። ልጄ እያሉ፣ አክብሮት ሳይጎድላቸው፣ ትኩስ ዝቃጭ ላይ ያረፈ ትል የሣጥኑን ግድግዳ ይዞ ሽቅብ ለማምለጥ እንደሚሞክር፣ ካልቻለም በማግሥቱ ገርጥቶና ሟሙቶ እንደሚገኝ ነገሩት።

ወጣቱ በ4ኛው መልስ አልተበገረም። ዝቃጩን ለብቻው ሳይሆን አቆይቶ፣ አናፍሶና ከብዙ እበት ጋር ቀላቅሎ እንደሚሰጥ አስረዳ። በህንድ የፖንዲቼሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በሦስት የትል ዝርያዎች የከተማ ቆሻሻ አብላልተው በኮምፖስቱ ውስጥ የከባድ ብረቶች መጠን ቀንሶ ማግኘታቸውንም ጠቀሰ። ምስክሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የተመራመሩበት የከተማ ቆሻሻ እንጂ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ አለመሆኑን ወጣቱ በቸልታ አልፎታል።

ከደሴ የኬሚስትሪ መምህር የጻፉት 5ኛው መልስ፣ በእኔ አስተያየት፣ የክሩ ምሰሶ ነው። ክሮሚየም ንጥረ ነገር ነው፤ ትልም፣ ባክቴሪያም፣ እሳትም አያጠፋውም። የፈሰሰ ዘይት ወይም የፀረ ተባይ ኬሚካል በጊዜ ብዛት ተሰባብሮ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ይችላል፤ ብረት ግን ቦታና መልክ ይለውጣል እንጂ ካለበት ዓለም አይወጣም። መምህሩ ነገሩን በሒሳብ አሳዩ። በ100 ኪሎ ድብልቅ ውስጥ በየኪሎው 200 ሚሊግራም ክሮሚየም ቢኖር በጠቅላላው 20 ግራም ይሆናል። ትሎቹና ጥቃቅን ሕዋሳቱ እበቱን ሲያብላሉት ካርቦኑ ጋዝ ሆኖ ይወጣና ክብደቱ ይቀንሳል፤ 60 ኪሎ ቢቀር ያ 20 ግራም ክሮሚየም እዚያው አለና በየኪሎው ወደ 333 ሚሊግራም ከፍ ይላል። ወጥ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። እዚህ ላይ መምህሩ ወጣቱን ትንሽ ሸንቆጥ አደረጉት፤ ማንበብ ከመደመርና ከማካፈል አያድንም የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጽፈው ነበር፣ ኋላ ራሳቸው አርመውታል።

6ኛውን የጻፈችው በአፈርና በአካባቢ ጥናት የምትሠራ ተመራማሪ ናት። መምህሩን በትሕትና አረመቻቸው፤ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ግማሽ እውነት መሆኑን ነው ያሳየችው። በኮምፖስት ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ወደ ተክል አይገባም፤ ትሉ የሚያብላላው ነገር ሂዩመስ፣ ማለትም በስብሶ ያለቀ ጥቁር ብስባሽ፣ እየሆነ ሲሄድ ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ጠቅላላ መጠኑ ጨምሮ እያለ በውኃ የሚሟሟውና ሥር ሊስበው የሚችለው ክፍል ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀት ያየ ሰው የተጻፈው ቁጥር የጠቅላላው ነው ወይስ የሚሟሟው ክፍል ብቻ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሌላው ያነሣችው ነጥብ ብረት ሁሉ በትሉ ዘንድ አንድ አለመሆኑን ነው። ካድሚየም ሲገባበት ትሉ ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲኑ ካድሚየሙን ጠፍሮ በአንጀቱ ዙሪያ ባሉ ቢጫ ሕዋሳት ውስጥ ያኖረዋል፣ በዚህም ምክንያት በትሉ ሰውነት ያለው ካድሚየም ከአፈሩ ሊበልጥ ይችላል። እርሳስን በካልሲየምና ፎስፌት ቅንጣቶች ውስጥ ይቆልፈዋል። ዚንክና መዳብን ለኑሮው ስለሚፈልጋቸው በልክ ይይዝና የተረፈውን ያስወጣል። ክሮሚየምን ግን እምብዛም አይሰበስብም። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሦስት የሚባለው መልክ ሲሆን በቀላሉ አይሟሟም፤ የሚያስፈራው ካንሰር አምጪው ክሮሚየም ስድስት ነው፣ አንዱ ወደ ሌላው መለወጡም እንደ አፈሩ ሁኔታ ይወሰናል። ባጭሩ ወጣቱ ሊያጸዳ የተነሣው ትል በጣም የሚሰንፍበትን ብረት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋነታቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። 7ኛው ላይ ከሐርቡ በታች ቦርከናን እየጠለፉ የሚያለሙ ገበሬ ሲገቡ ቃናው ተለወጠ። ሊቃውንቱ በክሮሚየም ሦስትና ስድስት ሲከራከሩ እሳቸው ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡት በዚያው ውኃ መሆኑን አስታወሱ። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ቀለሙ የሚለወጥበት ቀን እንዳለ፣ ያን ቀን ከብቶቻቸው አፋቸውን አስነክተው ሳይጠጡ እንደሚመለሱ ተረኩ። ከዚያም ወጣቱን በቀጥታ፣ ያንን ኮምፖስት ገዝቼ የማበቅለውን ሽንኩርት ለእናትህ ትወስድላታለህ ወይ የሚል አጥንት የሚሰብር ጥያቄ ጠየቁት።

8ኛው አንዲት መስመር ያላት ፌዝ ናት፤ የጠገቡት ትሎች ለዶሮ ቢሰጡ ከነብረታቸው እንቁላል ይወጣል የምትል። ፌዘኛው ያላሰበው ነገር ግን ሆነ። ወጣቱ በ9ኛው መልስ ፌዙን እንደ ምክር ቆጥሮ፣ የተረፉ ትሎችን ለዶሮ አርቢዎች መሸጥ ከመጀመሪያም የዕቅዱ አካል እንደነበረ፣ ከሣጥኑ ሥር የሚንጠባጠበውን ፈሳሽም ለቃሪያ ችግኝ እንደሚያጠጣ በኩራት አስረዳ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

በ10ኛው መልስ ተመራማሪዋ ተመለሰች፤ የቀደመው ልስላሴዋ አብሯት አልነበረም። ትሉ ብረት ለቅሟል ከተባለ፣ ያን ትል ዶሮ በላችው ማለት ብረቱ ከዝቃጩ ወደ ሰው ማዕድ የሚወጣበት ደረጃ ተሠራለት ማለት ነው። ካድሚየም በዶሮዋ ጉበትና ኩላሊት ይከማቻል፤ በሰው ኩላሊት ውስጥ ደግሞ ግማሹ ብቻ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ትሉ አልለቀመም ከተባለም ብረቱ ኮምፖስቱ ውስጥ አለ። ስለ ፈሳሹም አልራራችለትም። ኮምፖስቱ ውስጥ ብረት ቀነሰ የሚል ውጤት ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ታጥቦ በሥር መውጣቱ ነው፤ ያን ፈሳሽ ሳይመዝኑ ትሉ አጸዳው ማለት አይቻልም።

ቀጥላ የመምህሩን 20 ግራም አንሥታ ስሌቱን ከሌላ ወገን ሠራችው። ለ100 ኪሎው ድብልቅ 2 ኪሎ ትል ቢመደብ፣ ከትል ክብደት ከአምስት እጅ አራቱ ውኃ ስለሆነ የሚቀረው ደረቅ አካል 400 ግራም ያህል ነው። ትሉ ለኮምፖስቱ የቀረበ መጠን፣ በየኪሎው 300 ሚሊግራም ክሮሚየም ይይዛል ብለን ብንለግሰው እንኳ፣ ሁሉም ትሎች ተለቅመው ሲወጡ ይዘው የሚሄዱት 120 ሚሊግራም ነው። ይህም ከ20 ግራሙ ከሺህ ስድስት እጅ ብቻ ነው። ትሉን በየጊዜው እየለወጡ ዝቃጩን እናጽዳ ቢባል ነገሩ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ይሆናል። እኔ ይህን ስሌት ከክሩ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ማንም ሰው በወረቀት ጀርባ ሠርቶ ሊያጣራው ይችላልና።

11ኛው ትሎቹ ደርቀው ቢቃጠሉስ የሚል ነበር፤ መምህሩ ብረቱ አመድ ውስጥ እንደሚቀር በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሱ። በ12ኛው አንድ አባል የጫት ገረባ ለትል ሰጥቶ ትሎቹ እንዳለቁበት አወጋ፤ ምክንያቱ የተረጨበት ፀረ ተባይ ሳይሆን እንደማይቀር ጠረጠረ። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ጫት ሌላ ጭቅጭቅ ሊጀመር ሲል ስድብ የያዘውን 13ኛውን አጥፍቻለሁ፤ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

14ኛውን የጻፉት የሕግ ባለሙያ ናቸው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የሆነ ሰው ያበላሸውን እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲሸፍን እንደሚያስገድድ አስታውሰው፣ ወጣቶች የፋብሪካን ዝቃጭ በነፃ ተሸክመው ወደ ግቢያቸው ቢያስገቡ ግዴታውን ከባለቤቱ ትከሻ አውርደው ራሳቸው ላይ እንደሚጭኑ አስጠነቀቁ። በአዋጁ መሠረት አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ጉዳቱ በግሌ ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ብዙ አባላት ይህን ድንጋጌ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ከሥሩ የተደረደረው ምስጋናም ከየትኛውም መልስ ይበልጣል።

15ኛው ግን ምስጋና አላገኘም፤ ሊያገኝ ይገባው ነበር ባይ ነኝ። ጸሐፊው በፋብሪካ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ መሆኑን ገልጾ፣ ፋብሪካ ሁሉ እንደ ጠላት መታየቱ እንዳስመረረው፣ በሺህ የሚቆጠር የወሎ ልጅ እንጀራ የሚበላው ከዚያው መሆኑን በቁጣ ጻፈ። ከቁጣው በስተጀርባ ያስቀመጠው ግን ፍሬ ያለው ነገር ነበር። ክሮሚየምን መያዝ የሚቀለው ዝቃጭ ከሆነ በኋላ ሳይሆን ከማልፊያው በርሜል ሲወጣ ነው። የክሮም ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል በራሱ ቦይ ከወጣ፣ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲጨመርበት ክሮሚየሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ያ የዘቀጠው በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ቆዳ ይለፋበታል። ፋብሪካው የሚጥለውን ኬሚካል ራሱ ይጠቀምበታል ማለት ነው። የቆዳ ጡረተኛው በ16ኛው መልስ ይህን ደግፈው፣ ቦዮቹን መለየት ሲያንስ በቅጡ የሚከታተል ሰው፣ ሲበዛ የግንባታ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ጨመሩ። ገበሬው በ17ኛው፣ ዘዴው ይህን ያህል ከታወቀ ከብቶቼ እስከ አሁን ለምን ጾማቸውን ይመለሳሉ ብለው ሁለቱንም አፋጠጡ። መሐንዲሱ አልመለሰም።

ክርክሩ እዚህ ላይ ሊሰበር ሲል የግብርና ባለሙያው በ18ኛው መልስ ለትሉ ሌላ ሥራ አገኙለት። ትል ብረት አጽጂ ባይሆንም አፈር ፈታሽ መሆን ይችላል፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ አሠራርም አለው። አንድ ሣጥን መሐሉ ላይ በካርቶን ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን ንጹሕ አፈር፣ በሌላው የተጠረጠረው አፈር ይሞላል፤ ካርቶኑ ይነሣና በመስመሩ ላይ ወገባቸው ዙሪያ ቀለበት ያወጡ አሥር ጎልማሳ ትሎች ይቀመጣሉ። ከ48 ሰዓት በኋላ ካርቶኑ ተመልሶ ይገባና በየወገኑ ያሉት ይቆጠራሉ። ይህ በአምስት ሣጥን ተደግሞ በተጠረጠረው ወገን የተገኙት ከአምስት እጅ አንድ እንኳ ካልሞሉ፣ አፈሩ ለሕይወት የማይመች ሆኗል ይባላል። ወጪው ሣጥንና ትዕግሥት ነው።

ተመራማሪዋ በ19ኛው ሐሳቡን ተቀብላ ሦስት ማሰሪያ አበጀችለት። ትል የሚሸሸው ብረትን ብቻ ሳይሆን ጨውንና አሲድነትንም ስለሆነ ፈተናው መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ትሎቹ የሸሹት አፈር ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። ማነጻጸሪያው አፈር ከከተማው በላይ፣ ፋብሪካ ከሌለበት ዳር፣ ነገር ግን በዓይነቱ ተመሳሳይ ከሆነ ቦታ ይምጣ፤ መረሬውን ከአሸዋማ ጋር ቢያወዳድሩ ትሉ የሚመርጠው የሚመቸውን አፈር እንጂ ንጹሑን አይሆንም። ደግሞም ሁለቱም ወገን ንጹሕ አፈር የሆነበት ሣጥን አብሮ ይኑር፤ ትሎቹ እዚያም ወደ አንድ ጥግ ከተሰበሰቡ ብርሃን ወይም ሙቀት አስቸግሯቸዋልና ውጤቱ ሁሉ ይጣላል።

ወጣቱ በ20ኛው መልስ ከዝቃጩ ዕቅድ መውጣቱን አሳውቆ ሣጥኖቹን ለዚህ ፈተና ለመስጠት ፈቀደ። ከገበሬው ማሳ አፈር እንዲፈቀድለትም አባባ ብሎ ለመነ። የገበሬው መልስ፣ 21ኛው፣ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ትሎቹ ከማሳዬ ሸሹ የሚል ወሬ ገበያ ከገባ ያን ሽንኩርት ማን ይገዛኛል አሉ። ጥፋቱ የመጣው ከላይ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በታች ባለው ላይ ሊወድቅ ነው፤ ይህ ፍርሃት ተራ ሰበብ አይደለም፣ በክሩ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ የከበደውም እሱ ይመስለኛል። የሕግ ባለሙያው ናሙናዎቹ በቁጥር ብቻ እንዲለዩ፣ የማሳዎቹ ዝርዝርም በተመራማሪዋ እጅ እንዲቆይ ሐሳብ አቀረቡ። ገበሬው በ23ኛው መልስ ተስማሙ፤ ነገር ግን የእሳቸው ማሳ ብቻ ሳይሆን ከሐርቡ እስከ ጨፋ ያሉ ጎረቤቶቻቸውም አፈር አብሮ እንዲገባ፣ ናሙናውም የመስኖ ውኃ ከመለቀቁ በፊት በጥቅምት እንዲወሰድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። የላቦራቶሪውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ገና እየተነጋገሩበት ነው።